ክሎሪን ጨመርን፣ ጸዳ፤ በሦስት ሳምንቱ ተመለሰ። ጥፋቱ የሽንት ቤቱ ነው?

ጸሐፊዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

የሰፈራችን የውሃ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። መሐንዲስ አይደለሁም። የመረጡኝም የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ነው እንጂ ስለ ውሃ ታውቃለች ብለው አይደለም። አንድ ጉድጓድ አለን። በማሽን የተቆፈረ፣ 38 ሜትር ጥልቀት ያለው፣ የእጅ ፓምፕ የተገጠመለት። 80 ገደማ ቤተሰብ ከእሱ ይቀዳል። ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን አላስቸገረንም። ውሃው ኩልል ያለ ነው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው።

ከሁለት ወር በፊት ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። በሳምንቱ ልጆች ተቅማጥ ያዛቸው። የአንድ ቤት ልጆች ብቻ ቢሆኑ የበሉት ነገር ነው ይባል ነበር። ግን ከተለያየ ቤት ናቸው፤ የሚጋሩት ፓምፑን ብቻ ነው። ናሙና ወስደን ላቦራቶሪ ላክን። ኢ. ኮላይ የሚባለው ከአንጀት የሚመጣ ጀርም በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 23 ተገኘ። መገኘት ያለበት ዜሮ ነው።

ኮሚቴው ደንግጦ በማግስቱ ክሎሪን አምጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ ጨመረ። ምን ያህል? በዓይን ግምት። የዱቄቱ ግማሽ ኪሎ ይሆናል። በሁለተኛው ቀን ሌላ ናሙና ላክን፤ ንጹህ ሆኖ መጣ። ሰው ተደሰተ፣ ውሃ ማፍላቱንም ተወው። እኔ ግን አላመንኩም። በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሌላ ዝናብ በኋላ፣ ጨቅጭቄ ሦስተኛ ናሙና አስላክሁ። ኢ. ኮላይ 17።

አሁን ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። ከፓምፑ ከፍ ብሎ የአንዲት ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ሽንት ቤት አለ። በገመድ ለክቼዋለሁ፤ 22 ሜትር ነው። ግማሹ ሰው "ሽንት ቤቱ ይፍረስ" ይላል። ሌላው ደግሞ "የሽንት ቤቱ ጉድጓድ 4 ሜትር አይሞላም፣ ውሃችን የሚመጣው ከ38 ሜትር ነው፣ በየት ይገናኛሉ?" ይላል። ሴትዮዋ ስብሰባው ላይ አልነበሩም። ማንም አልጠራቸውም።

የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ከላይ ባለ ነገር ይበከላል ወይ? ክሎሪኑ ለምን አልያዘልንም? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የአንዲት አሮጊት ሽንት ቤት ከማስፈረሳችን በፊት ጥፋቱ የእሱ መሆኑን በምን እናረጋግጣለን?

አንድ ደህና ዜና ብቻ አለኝ። ናይትሬት የሚባለው ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ነገር 14.5 ነው የሚለው ወረቀቱ። የተፈቀደው እስከ 50 ስለሆነ በእሱ በኩል ሰላም ነን።

-----

ሁሌም ክሎሪን

ብዙ አታካብጂው። በየወሩ ክሎሪን ጨምሩበት፣ አለቀ። ሰው ሽንት ቤት ምናምን እያለ ይጣላል፤ መድኃኒቱ እኮ በእጃችሁ ነው።

-----

መሰርሰሪያ

እህቴ፣ 17 ዓመት ጉድጓድ ስቆፍር ኖሬያለሁ። መጀመሪያ ያንን የ38 ሜትር ነገር ልንገርሽ።

ማሽኑ የሚቆፍረው ቀዳዳ ውስጡ ከሚገባው ቱቦ ይሰፋል። እኛ ኬዚንግ የምንለው ነው ቱቦው። በኬዚንጉና በመሬቱ መሃል ዙሪያውን ክፍት ቦታ ይቀራል። ታች ውሃው ያለበት ጋ ንጹህ ጠጠር እንሞላዋለን። ከላይ ያለው ጥቂት ሜትር ግን በሲሚንቶ ወይም በቤንቶናይት ጥርቅም ተደርጎ መታሸግ አለበት። ቤንቶናይት ውሃ ሲነካው የሚያብጥ የሸክላ አፈር ነው። ማሸጊያው ከሌለ መሬት ላይ የፈሰሰ ውሃ ኬዚንጉን ተከትሎ ቁልቁል ይወርዳል። ጉድጓድሽ 100 ሜትርም ቢሆን ያው ነው። ጥልቀቱ ውሃው የት እንዳለ ይነግርሻል እንጂ ቆሻሻው በየት እንደሚገባ አይነግርሽም።

ላልዋሽሽ፣ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ሲሚንቶ አልቆብን ከላይ በአፈር የደፈንነው ጉድጓድ ነበር። አለቃዬ "ማን ያየዋል" አለኝ። እውነትም ማንም አላየውም፤ ከመሬት በታች ነዋ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ይቆጨኛል።

ስለዚህ 22 ሜትር ላይ ያለውን ሽንት ቤት ከመክሰስሽ በፊት 2 ሜትር ላይ ያለውን እዪ። የዓለም ጤና ድርጅት የእጅ ፓምፕ ላለው ጉድጓድ ያዘጋጀው የጉብኝት ቅጽ አለ፤ አሥር ጥያቄ ነው። በ10 ሜትር ውስጥ ሽንት ቤት አለ? በአቅራቢያው ያለው ሽንት ቤት ከጉድጓዱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው? በ10 ሜትር ውስጥ ሌላ ቆሻሻ ወይም የእንስሳት እበት አለ? በ2 ሜትር ውስጥ ውሃ ይተኛል? ማፋሰሻው ቦይ ተሰብሯል ወይ ተደፍኗል? አጥሩ ጎድሏል? የሲሚንቶው ወለል በዙሪያው ከ1 ሜትር ያንሳል? ወለሉ ላይ ውሃ ይጠራቀማል? ወለሉ ተሰንጥቋል? ፓምፑ ከመሠረቱ ላልቶ ይነቃነቃል? "አዎ" ያልሽውን ቁጠሪ። 3 እስከ 5 መካከለኛ አደጋ ነው፤ 6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ነው።

ክሎሪኑን በተመለከተ ደግሞ ሒሳብ እንሥራ። ቀዳዳው 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው እንበል። ውሃው ከላይ ስንት ሜትር ላይ ይገኛል? 10 ሜትር ላይ ከሆነ የቆመው ውሃ 28 ሜትር ነው። ይህ ወደ 500 ሊትር ይሆናል። ጉድጓድ ለማጽዳት በሊትር 100 ሚሊ ግራም ክሎሪን ብታደርጊ የሚያስፈልግሽ 50 ግራም ነው። ዱቄቱ 70 በመቶ ከሆነ 71 ግራም ዱቄት ማለት ነው፤ በባልዲ ውሃ በጥብጠሽ ነው የምትጨምሪው። እናንተ ሰባት እጥፍ ነው የደፋችሁት! ቱቦው ብረት ከሆነ ይበላዋል። ሌሊቱን አሳድራችሁ፣ ሽታው እስኪጠፋ ስባችሁ መድፋት ነበረባችሁ።

-----

የናሙና ጠርሙስ

የመሰርሰሪያን እደግፋለሁ። እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ሁለት ነገር ልጨምር። አንዱ መጥፎ ዜና ነው፤ ይቅርታ።

እርስዎ ናይትሬቱ 14.5 ነው ብለዋል። እባክዎ ወረቀቱን እንደገና ይዩት። ከቁጥሩ ጎን "እንደ ናይትሮጅን" የሚል አለ? ናይትሬት በሁለት ዓይነት መንገድ ይጻፋል። አንዱ የናይትሬቱን ሙሉ ክብደት ነው የሚያሳየው፤ የዓለም ጤና ድርጅት 50 ሚሊ ግራም በሊትር ያለው በዚህ ነው። ሌላው በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ ነው የሚቆጥረው፤ በእሱ ሲሆን ወሰኑ 11 ገደማ ነው። ከናይትሮጅኑ ወደ ሙሉው ናይትሬት ለመሄድ በ4.43 ማባዛት ነው። የእርስዎ 14.5 "እንደ ናይትሮጅን" ከሆነ 64 ማለት ነው። ከወሰኑ በላይ ነው። ይህንን ስሕተት እንኳን ኮሚቴ ባለሙያም ይሠራዋል።

እንዲያ ከሆነ ዛሬውኑ የሚደረግ ነገር አለ። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን የዱቄት ወተት በዚህ ውሃ አይበጠበጥ። ናይትሬት የሕፃኑ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ ከንፈርና ጥፍር ይጠቁራል። ማፍላት ደግሞ አይረዳም፣ እንዲያውም ያባብሰዋል። ውሃው በእንፋሎት ይቀንሳል፣ ናይትሬቱ ግን እዚያው ይቀራል። ለጀርሙ አፍሉ፣ ለሕፃናት ግን ሌላ ውሃ ፈልጉ።

ሁለተኛው ስለዚያ "ንጹህ" ናሙና ነው። ክሎሪን በጨመራችሁ በሁለተኛው ቀን የተወሰደ ናሙና የሚነግራችሁ ክሎሪን መጨመራችሁን ብቻ ነው። ጉድጓዱ መዳኑን አይነግራችሁም። ሽታው ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል ቆይታችሁ ውሰዱ። ጠርሙሱም የክሎሪንን ኃይል የሚያጠፋ ሶዲየም ታዮሰልፌት ያለበት ይሁን። ቀዝቃዛ ቦታ ይዛችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ አድርሱ።

ደግሞ ሁለቱን ውጤቶች አንድ ላይ አያንብቧቸው። ኢ. ኮላይ የሚኖረው በሰውና በእንስሳት አንጀት ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ አፈር ውስጥ ብዙ አይቆይም። ከዝናብ በኋላ ብቅ ካለ አጭርና ፈጣን መንገድ አግኝቷል ማለት ነው። ናይትሬት ግን አይሞትም። ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ቀስ እያለ ለዓመታት ይጠራቀማል። ከሽንት ቤትም፣ ከፍግም፣ ከማዳበሪያም ይመጣል። የአንዱን ምንጭ ማግኘት የሌላውን ማግኘት ላይሆን ይችላል።

ሁሌም ክሎሪን፦ በየወሩ የሚጨመረው ክሎሪን በአንድ ሁለት ቀን ተቀድቶ ያልቃል፤ የቀረውን ወር በምን ይጠጡ? ናይትሬትን ደግሞ ክሎሪን አይነካውም። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተሕዋስም በክሎሪን አይበገርም።

-----

ሁሌም ክሎሪን

እሺ፣ ናይትሬቱን አላየሁትም ነበር። ለጀርሙ ግን አሁንም ካለመጨመር መጨመር ይሻላል ባይ ነኝ።

-----

ካርታና ድንጋይ

ጸሐፊ ነኝ ስላልሽ አንድ ነገር ላንሳ። ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ዎከርተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በግንቦት 2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከባድ ዝናብ ጣለ። ከጉድጓዶቿ አንዱ ጥልቀት የሌለው፣ ሥሩ የተሰነጣጠቀ ድንጋይ የሆነ ነበር። አጠገቡ ካለ እርሻ የከብት ፍግ በዝናቡ ታጥቦ ገባ። 7 ሰው ሞተ፣ ከ2,300 በላይ ታመመ። ገበሬው ፍጉን የበተነው እንደ ደንቡ ነበር፤ አጣሪው ዳኛ ጥፋተኛ አላደረገውም። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነበር። ጉድጓዱ እዚያ ቦታ መቆፈሩ፣ ደግሞም በውሃው ውስጥ የቀረውን ክሎሪን በየቀኑ መለካት የነበረባቸው ሠራተኞች ሳይለኩ መዝገቡ ላይ ቁጥር መሙላታቸው። መዝገብ ያዥ ስለሆንሽ ነው የማነሳልሽ።

ወደ ርቀቱ እንምጣ። ሰው "30 ሜትር" ሲል ሰምተሽ ይሆናል። እሱ የልምድ ቁጥር ነው። ዋናው ርቀቱ ሳይሆን ውሃው ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ጀርመኖች ጉድጓድን ከብክለት ለመጠበቅ በዙሪያው ክልሎች ሲያሰምሩ ሁለተኛውን ክልል የሚለኩት ውሃ በ50 ቀን በሚጓዘው ርቀት ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አብዛኛው ጀርም ይሞታል ብለው። ደቃቅ አሸዋ ውስጥ 50 ቀን ማለት ጥቂት አሥር ሜትር ሊሆን ይችላል። በተሰነጠቀ ድንጋይ ውስጥ ግን ያንን ርቀት ውሃ በሰዓታት ይጨርሰዋል። የእናንተ መሬት ምንድን ነው? ሲቆፈር የወጣውን ያየ ሰው አለ?

-----

ጸሐፊዋ (ጠያቂ)፣ ከ9 ቀን በኋላ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በየተራ ልንገራችሁ።

የናሙና ጠርሙስ፣ ልክ ነበሩ። ወረቀቱ ላይ በደቃቅ ፊደል "እንደ ናይትሮጅን" ይላል። ስንት ጊዜ አንብቤው አላየሁትም። የዚያኑ ቀን ማታ ሕፃን ያላቸውን አሥራ አንድ ቤቶች ዞርኩ። አራቱ የዱቄት ወተት የሚሰጡ ናቸው። ሦስቱ እሺ አሉኝ። አንዷ "አፍልቼው ነው እኮ የምሰጠው" ብላ ተከራከረችኝ። እስክታምነኝ ጀንበር ጠለቀች።

መሰርሰሪያ፣ አሥሩን ጥያቄ ይዤ ወጣሁ። አምስት "አዎ" አገኘሁ። ቦዩ ተሰብሯል። ፓምፑ ሥር ውሃ ተኝቷል። ወለሉ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። የከብት ማጠጫው ገንዳ 6 ሜትር ላይ ነው፣ ዙሪያው እበት። ሽንት ቤቱ ከላይ መሆኑ ደግሞ አምስተኛ። በቁጥር መካከለኛ ነው። በዓይን ሲታይ ግን ያስጠላል። ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ ያለፍኩበት ቦታ መሆኑ ነው የገረመኝ።

ዋናው ነገር ግን ቅጹ ላይ የለም። ስለካ የሚከተሉኝ ልጆች "ያኛውንስ አትለኪውም?" አሉኝ። የቱን? ከፓምፑ ጀርባ ቁጥቋጦው ውስጥ ወሰዱኝ። ዝገት የበላው ቆርቆሮ አነሡ። ሥሩ ጉድጓድ ነው! በእጅ የተቆፈረ፣ ከ1 ሜትር ትንሽ ሰፋ ያለ አሮጌ የውሃ ጉድጓድ። ፓምፑ ሳይመጣ በፊት ሰው ከእሱ ነበር የሚቀዳው። ልጆቹ ኳሳቸው እንዳይገባበት ብለው ነው የሚያውቁት። ውስጡ የጨርቅ፣ የላስቲክ፣ የዳይፐር ክምር። ሽታው አይጣል ነው። ለካሁት፣ 13 ሜትር። ቅጹ 10 ሜትር ነው የሚለው፤ የኛ ጉድ 13 ላይ ተቀምጧል።

አሁን የሚያሳፍረውን ልናገር። ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ፓምፑ የሚወስደው መንገድ በጎርፍ ሲጨቀይ ኮሚቴው አንድ ውሳኔ ወስኖ ነበር። ጎርፉ "ወደ አሮጌው ጉድጓድ እንዲገባ" ቦይ ተቀደደለት። ቃለ ጉባኤውን አገላብጬ አገኘሁት። የተጻፈው በዚያ በሚነበበው የእጅ ጽሑፌ ነው።

ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄድኩ። ካርታና ድንጋይ ስለ መሬቱ የጠየቅከውን ለመጠየቅ ነበር፤ ከሁላችንም ቀድመው የሰፈሩ እሳቸው ናቸው። መቀመጫ ሰጥተውኝ "ሽንት ቤቴን ልታፈርሱ ነው አሉ" አሉኝ። ምን ልበል? ዝም አልኩ። እሳቸው ግን ነገሩን ትተው ያዩትን አጫወቱኝ። አዲሱ ጉድጓድ ሲቆፈር ነጭ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ማሽኑ ይጮህ ነበር አሉ። የዚያን ቀን ከአሮጌው ጉድጓድ ሲቀዱ ውሃው እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ወጣ። ሁለት ቀን አልጠራም። "ለሠራተኞቹ ነግሬያቸው ነበር፣ ይጠራል አሉኝ" አሉ።

ይህ ማለት የማስበውን ማለት ነው?

-----

መሰርሰሪያ

የምታስቢውን ማለት ነው። ቁፋሮው ያወጣው የድንጋይ ዱቄት አሮጌው ጉድጓድ ውስጥ ከታየ ሁለቱ በስንጥቅ ተገናኝተዋል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መልሱ እሳቸው ቤት ተቀምጦ ነበር።

ቢሆንም ኮሚቴ ፊት የምትቀርቢ ከሆነ ቁጥር ያዢ። በጨው ሞክሩት። የውሃን ጨዋማነት የምትለካ ኮንዳክቲቪቲ ሜትር የምትባል ትንሽ መሣሪያ አለች፤ የናሙና ጠርሙስ የት እንደምትገኝ ይነግሩሻል። መጀመሪያ የፓምፑን ውሃ ለኩ። ከዚያ 40 ኪሎ ያህል ጨው በውሃ አሟሙታችሁ አሮጌው ጉድጓድ ውስጥ ድፉ። ከዚያ ፓምፑን ሳታቋርጡ ምቱ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ለኩ። የዚያን ቀን ውሃ ለመጠጥ አይቀዳም። ሽንት ቤቱንም በሌላ ቀን እንዲሁ መሞከር ይቻላል፤ አንድ ላይ ካደረጋችሁት ግን ጨው ከየት እንደመጣ አታውቁም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ይህንን ለኮሚቴው ጮክ ብለሽ አንብቢ። ቆሻሻውን ለማውጣት ማንም ሰው ውስጥ እንዳይወርድ። ቆሻሻ የበሰበሰበት ጉድጓድ አየሩ መርዛም ነው፣ ኦክስጅንም የለውም። አንዱ ወርዶ ይወድቃል፣ ሊያድነው የወረደው ይከተላል። እኔ የማውቀው አሳዛኝ ታሪክ ሁሉ እንደዚያ ነው። በሜንጦ፣ በገመድ፣ ከላይ ሆናችሁ አውጡ። ያልወጣ ካለ ባለሙያ ይምጣ።

ከዚያ ክሎሪን ጨምራችሁ፣ ታች ውሃ ያለበትን ክፍል በታጠበ ጠጠርና አሸዋ ሙሉ። ከውሃው በላይ ያለውን ጥሩ የሸክላ አፈር እያረጠባችሁ፣ ሃያ ሃያ ሴንቲ ሜትር እየደረባችሁ እየጠቀጠቃችሁ ሙሉት። አናቱ ላይ ሲሚንቶ። አፉ ከመሬት ከፍ ይበል፣ ውሃ እንዳይተኛበት። ከላይ ቆርቆሮ ጣል አድርጎ "ተዘግቷል" ማለት መዝጋት አይደለም። በፍርስራሽ የተሞላ ደግሞ ካልተሞላም ይብሳል፤ ማጣሪያ የሌለው የጎርፍ ቱቦ ነው የሚሆነው።

ጎርፉንም ዛሬውኑ አዙሩት። እሱ ስብሰባ አያስፈልገውም።

-----

ካርታና ድንጋይ

ነጭ ድንጋይ ካሉ ምናልባት የኖራ ድንጋይ ነው። ውሃ እያሟሟው ስንጥቁን የሚያሰፋው ዓይነት። ከሆነ ከፓምፑ በላይ ያለው መሬት በሙሉ ያሳስባችሁ፣ ሽንት ቤቱም ጭምር። አሮጌው ጉድጓድ ተገኘ ማለት ሽንት ቤቱ ነፃ ወጣ ማለት አይደለም። የናይትሬቱ ቁጥር የአንድ ጉድጓድ ብቻ አይመስለኝም።

-----

ጸሐፊዋ (ጠያቂ)፣ ከ3 ወር በኋላ

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ሥራ ላይ ነበርን።

የጨው ሙከራውን አደረግን። ከመጀመራችን በፊት የፓምፑ ውሃ 640 ማይክሮ ሲመንስ (የመሣሪያዋ መለኪያ ነው፤ ጨው ሲበዛ ቁጥሩ ይጨምራል) ነበር። ጨዉን ጠዋት 2 ሰዓት ደፋነው። ወጣቶቹ እየተፈራረቁ ይመቱ ነበር፣ እኔ መዝገብ ይዤ ተቀመጥኩ። 640። 640። 645። እኩለ ቀን ላይ ሊቀ መንበራችን "አየሽ፣ ምንም የለም" ብሎ ሊሄድ ተነሣ። 6 ሰዓት ተኩል ላይ 702። 7 ሰዓት ላይ 818። ከዚያ 1,010 ደረሰ። ሊቀ መንበሩ ተመልሶ ተቀመጠ። መሣሪያዋን ተቀብሎኝ ራሱ ለካ።

በሌላ ሳምንት፣ ቁጥሩ ወደነበረበት ከተመለሰ በኋላ፣ በሽንት ቤቱም ሞከርነው። ሴትዮዋ ራሳቸው ናቸው ጨዉን የደፉት፤ "እኔ ካልደፋሁት አላምናችሁም" ብለው። ሁለት ቀን ለካን፣ ምንም ለውጥ አላየንም። ካርታና ድንጋይ ያልከውን አልረሳሁትም። ሁለት ቀን አልታየም ማለት በሃያ ቀን አይመጣም ማለት አይደለም። ስለዚህ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ አሁን ያለው ሽንት ቤት አይፈርስም። ሲሞላ ግን አዲሱ የሚሠራው ከፓምፑ በታች በኩል ነው፤ ቁፋሮውንም የሚሠራላቸው ኮሚቴው ነው። ይህም ቃለ ጉባኤ ላይ አለ።

አሮጌውን ጉድጓድ መሰርሰሪያ እንዳሉት ደፈንነው። ቆሻሻው በሜንጦ ሲወጣ አሥራ ሰባት ጆንያ ሞላ። ማንም አልወረደም። አንድ ጎረምሳ ልውረድ ብሎ አስቸግሮ ነበር፤ የእርስዎን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ጎርፉ በሌላ በኩል ዞሯል። ቦዩ ተጠግኗል፣ የወለሉ ስንጥቅ ተደፍኗል። የከብት ገንዳው ቁልቁል 40 ሜትር ወርዷል፤ በዚህ ግን ተጣልቼ ከማላውቀው ሰው ጋር ሁሉ ተጣላሁ። ውሃ በጀሪካን ወደዚያ ማጓጓዝ ማን ይወዳል? አሁን ድረስ አንዳንዱ ሌሊት ከብቱን ፓምፑ ሥር ያመጣል፤ ጠዋት እበቱን አያለሁ።

ክሎሪኑን በሚዛን 71 ግራም መዝነን ጨመርን። አሳድረን፣ ሽታው እስኪጠፋ ስበን ደፋን። ከሽታው በኋላ ስምንት ቀን ጠብቄ ናሙና ላክሁ፤ ዜሮ። ከዚያ ዝናብ ጠበቅሁ። ባለፈው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አደረ፤ ከዝናቡ በኋላ በሁለተኛውና በአምስተኛው ቀን ወሰድሁ። ሁለቱም ዜሮ።

ናይትሬቱ ግን 13.9 ነው። በ4.43 አባዝቼዋለሁ፣ ወደ 62 ይሆናል። ሕፃን ያላቸው ቤቶች አሁንም ከሌላ ቦታ ነው የሚቀዱት። ፓምፑ ላይ በትልቁ ጽፌ ለጥፌዋለሁ። የናሙና ጠርሙስ፣ በየስንት ጊዜው ላስለካው? በየሦስት ወሩ ይበቃል?

-----

የናሙና ጠርሙስ

ለናይትሬቱ በየሦስት ወሩ ይበቃል፤ በፍጥነት አይወርድም። ለኢ. ኮላይ ግን በወር ከመቁጠር ዝናብ ይጠብቁ፣ አሁን እንዳደረጉት። የሁለቱንም ውጤት አንድ ደብተር ላይ ይጻፉት፣ የዝናቡን ቀን ጨምረው። ከናይትሬቱ ጎን ደግሞ "እንደ ናይትሮጅን" የምትለውን አይርሷት።